«ተመስገን» የሚል በሽተኛ

ልጄ፣ በመምጣትሽ ደግ አደረግሽ። እናትሽ ትናንት ከቅዳሴ መልስ ደውላ «ሰኞ ሥራ ልትጀምር ነው፤ አንቺው ምከሪያት እንጂ እኔ ስለ ሙያው ምን አውቄ!» አለችኝ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። አንቺ እምቢተኛ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ነገር ግን በኛ ሙያ መከራ ነርሷን ሲመክር ዋጋውን የሚከፍለው አልጋ ላይ የተኛው ሰው ነው። ስለዚህ ጠጋ በይና ስሚኝ፤ ቡናው እስኪፈላ ልጀምርልሽ።

እዚህ ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ዳር ስኖር አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጋውኔን ሰቀልኩ እንጂ ሥራው መቼ ተወኝ? እሑድ እሑድ በሬ ላይ የሚቀመጠውን ጎረቤት ታውቂዋለሽ። «ሲስተር፣ እስቲ ግፊቴን ለኪኝ» የሚለኝ ሰው ዛሬም አላነሰም። እነሱን ሳይ፣ በዎርድ ያሳለፍኩትንም ሳስብ፣ ለጀማሪ ነርስ የምነግራት አንድ ነገር ብቻ ሆኖ አገኘዋለሁ። የኛ አገር በሽተኛ «ተመስገን» ይላል።

አትሳቂ። ጠዋት ገብተሽ «እንዴት አደሩ?» ስትያቸው፣ ሆዳቸው እንደ ጣውላ የደረቀውም፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጉትም፣ ሊሞቱ አንድ ቀን የቀራቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉሻል። ውሸት አይደለም፤ ሃይማኖታቸውም አስተዳደጋቸውም ነው። ጥፋቱ ይህን ሰላምታ እንደ ምርመራ ውጤት ወስዳ «በሽተኛው ደህና አድሯል» ብላ የምትጽፈው ነርስ ነው። ጥርስ ባዳ ነው ሲሉ አልሰማሽም? ሆድ ሲያለቅስ ጥርስ ይስቃል። ሰላምታሽን በወጉ ስጪ፣ ምስጋናውንም በወጉ ተቀበዪ፤ ከዚያ በኋላ ግን «ተመስገን» ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ጠይቂ። ሌሊት ስንቴ ነቁ? ያነቃዎት ምንድን ነው? ሽንት ለመጨረሻ ጊዜ የወጡት መቼ ነው? ማታ በምሳ ዕቃ ከመጣልዎት አጥሚት ምን ያህሉን ጠጡ? ተነስተው እስከ በሩ ቢሄዱ ትንፋሽ ያጥርዎታል? የዚህ መልስ ቁጥር ወይም ነገር ነው፤ ልትጽፊው ትችያለሽ።

ከመጠየቅሽም በፊት ግን እዪ። በሩ ላይ ለአፍታ ቁሚ። ሰውየው የተኙት በጀርባቸው ነው ወይስ ሦስት ትራስ ተደግፈው? ወደ ፊት ደፋ ብለው በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው ከተቀመጡ፣ አንድ ቃል ሳይነግሩሽ ትንፋሽ እንዳጠራቸው ነግረውሻል። ጋቢ ተከናንበው ፊታቸው ላይ ላብ ካለ፣ ትናንት በስምሽ የጠሩሽ እናት ዛሬ በሌላ ሰው ስም ከጠሩሽ፣ ምሳ ዕቃው እንደመጣ ተከድኖ ከተቀመጠ፣ ይህ ሁሉ መልእክት ነው። በተለይ የአእምሮን ለውጥ «እርጅና ነው» ብለሽ አትለፊው። በ1974 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ የወጣውን የንቃት መለኪያ ተምረሻል፤ ዓይን፣ ንግግርና እንቅስቃሴ ተደምሮ ከ3 እስከ 15 የሚሰጠውን። ያ ሁሉ ነጥብ የተፈለገው «ትንሽ ደንገዝ ብሏል» የሚለውን ቃል ተረኛዋ በአንድ መልክ፣ ተረካቢዋ በሌላ መልክ እንዳይረዱት ነው።

የማየት ነገር ከተነሳ፣ መጽሐፍሽ የማይነግርሽ አንድ ጉዳይ አለ። እኛ የተማርንባቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ የተጻፉት ነጭ ቆዳ ላላቸው ሰዎች ነው። «ቆዳው ይቀላል፣ ይገረጣል፣ ይጠቁራል» ይላሉ። የጠይም ሰው ፊት ላይ ይህን ስትፈልጊ ልትውዪ ነው። ደም ያነሰውን ለማወቅ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርገሽ ውስጡን እዪ፣ መዳፉን አስዘርግተሽ መስመሮቹን እዪ፣ ድዱንና ምላሱን እዪ። ኦክስጅን ያጠረውን ከንፈሩ ውስጥና ምላሱ ላይ ፈልጊ። የወፍ በሽታን የዓይን ነጩ ላይ ታገኚዋለሽ፤ ግን መስኮት ከፍተሽ በቀን ብርሃን እዪው፣ በአምፖል ብርሃን ቢጫው ይሸሻል። ደግሞ ዕድሜያቸውን በምድጃ ጭስ የጨረሱ እናቶች የዓይናቸው ነጭ ከጥንቱም የደፈረሰ ነው፤ የላይኛውን ሽፋን አንስተሽ ጭስና ፀሐይ ያልነካውን ክፍል ካላየሽ ጤነኛዋን ባለ ወፍ ታደርጊያታለሽ።

የአልጋ ቁስልም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ «የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ነው» ይልሻል። እኛ ጋ ቅላቱን ስትጠብቂ ቆዳው ይከፈታል። እጅሽን ተጠቀሚ። ከወገብ በታች ያለውን አጥንት፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን በእጅሽ ጀርባ ዳስሺው፤ ከጎኑ ካለው ቆዳ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠጠር ብሏል ወይስ እንደ በሰለ ፍሬ ላላ ብሏል? ሲነካ ያመዋል? የግራውን ዳሌ ከቀኙ ጋር አስተያዪ። ይህን በደንብ ያስተማሩኝ ዶክተር አልነበሩም፤ የዎርድ ጽዳት ሠራተኛ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። አልጋ ሲያነጥፉ እጃቸውን አሳልፈው «ሲስተር፣ ይቺ ቦታ ተቆጥታለች» ይሉኝ ነበር። ተሳስተውብኝ አያውቁም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ስለ ትንፋሽ ነው።

ሰኞ ቻርቶቹን ስታገላብጪ አንድ ተአምር ታያለሽ። ወጣቱም ሽማግሌውም፣ የሳንባ ምቹም የተሰበረ እግር ያለበትም፣ ሁሉም በደቂቃ 20 ይተነፍሳሉ። ማታም 20፣ ጠዋትም 20። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ዎርድ በዓለም የለም። የአዋቂ ትንፋሽ በእረፍት ጊዜ ከ12 እስከ 20 ነው፤ 20 የሚጻፈው ማንም ስለማይጠይቅበት ነው። የልብ ምቱን፣ ሙቀቱንና ግፊቱን መሣሪያ ይለካዋል። ትንፋሹን ግን ቆመሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር አለብሽ፣ አንድ ደቂቃ ደግሞ ለአርባ በሽተኛ ሁለት ለሆኑ ነርሶች ረጅም ነው። አውቀዋለሁ፤ እኔም ሠርቼዋለሁ።

በሥራዬ አራተኛ ዓመት ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንድ አባት ተኝተዋል፤ ሸማኔ ናቸው፣ ሳል ይዟቸው የገቡ። ማታ ስዞር ግፊታቸውን ለካሁ፣ ሙቀታቸውን ለካሁ፣ የልብ ምታቸውን ቆጠርኩ። «እንዴት አመሹ አባባ?» አልኳቸው። «ተመስገን ልጄ» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። ትንፋሽ ላይ 20 ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ አስታማሚ ልጃቸው በባዶ እግሯ መጥታ ቀሰቀሰችኝ፤ አዎ፣ ቁጭ ብዬ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ሄጄ ስቆጥር 36። ሐኪም ተጠራ፣ ኦክስጅን ተደረገ፣ መድኃኒት ተጀመረ። ጠዋት ሐኪሙ ቻርቱን እያየ «ማታ 20 ነበሩ፤ ምን ነክቷቸው ነው በአንድ ሌሊት እንዲህ የባሱት?» ሲል እኔ ከጎኑ ቆሜያለሁ። አልባሱም ነበር። ማታም ሳይፈጥን አልቀረም፤ ያልተቆጠረ ነገር ግን እንዴት ይታወቃል? ሐኪሙን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን አረፉ። በኔ ምክንያት ሞቱ አልልም፤ አይደለም ለማለትም ምላሴ አይታዘዝልኝም። ሳልቆጥር መጻፌን ለሐኪሙ ያልነገርኩትም እኔ ነኝ፤ ከእናትሽ ቀጥሎ የነገርኩሽ ሁለተኛዋ ሰው አንቺ ነሽ።

በዚያው ወር ደሞዜ ላይ መርካቶ ወርጄ ሰከንድ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ሳልቆጥር ጽፌ አላውቅም።

አቆጣጠሩ ዘዴ አለው። «ትንፋሽዎን ልቁጠር» ካልሻቸው ወዲያው አተነፋፈሳቸው ይለወጣል፤ ማንም ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ እንደ ወትሮው አይተነፍስም። የልብ ምታቸውን ቆጥረሽ ስትጨርሺ እጃቸውን አትልቀቂ፤ አሁንም ምት የምትቆጥሪ መስለሽ ዓይንሽን ወደ ደረታቸው አዙሪ። ሕፃን ሲሆን ከእናቱ ጭን ሳታነሺው፣ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ገለጥ አድርገሽ ሆዱ ላይ ቁጠሪ። ከሁለት ወር በታች ላለ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ደግሞ ብሷል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየገጠሩ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን የሚለዩት በዚህ ቁጥር ነው፤ የጀመሩትም የአሥረኛ ክፍል ትምህርትና የአንድ ዓመት ሥልጠና ይዘው ነበር። አንቺ ዲግሪ ይዘሽ 20 ብትጽፊ ታሳፍሪኛለሽ። የአዋቂ ሰው ትንፋሽ 25 ካለፈ ዓይንሽን አትንቀዪበት፤ 30 ከደረሰ ሐኪም ጥሪ። ሰውነት ሲጨነቅ ከግፊቱ ቀድሞ የሚናገረው ትንፋሽ ነው። ግፊቱ እስኪወርድ የጠበቀች ነርስ ዘግይታለች። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ቡናው ደረሰ፤ ያዢ። ቡና ስልሽ ትዝ አለኝ። እሑድ ለት አንዲት ጎረቤቴ ሦስተኛውን ጠጥታ፣ ይህን ዳገት ወጥታ፣ በሹራብ ላይ ጨርቁን ጠምጥሜ እንድለካት ክንዷን ትዘረጋልኛለች። ብለካት 165 ሊል ይችላል፤ ያ ቁጥር ግን የቡናውም የዳገቱም ነው። ቡና ከጠጣች ግማሽ ሰዓት ይለፍ። አምስት ደቂቃ ጀርባዋን ደግፋ፣ እግሯን መሬት አስነክታ፣ ዝም ብላ ትቀመጥ። ሽንቷም ከመጣ ትውጣ። ክንዷ ራቁቱን ይሁን፣ ከልቧ እኩል ይቀመጥ። ከዚያ 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ድገሚው፤ በአንድ ልኬት ሰውን «ግፊታም» አታድርጊ። «አላመመኝም እኮ» ስትልሽ ግን አትመኛት፤ ግፊት እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያም በኮቪድ ዘመን ሁሉም ለመደው። ይህ መሣሪያ ጎበዝ ነው፣ ግን ይታለላል። ኩቴክስ የተቀባ ጥፍር፣ የሂና ጥቁረት፣ በጠዋት ብርድ የደነዘዘ ጣት የተሳሳተ ቁጥር ያስነብቡታል። እጇን በእጅሽ አሙቂላት። ደግሞ አትርሺ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ የኛ ዳገትማ ከዚያም ይበልጣል። ጤነኛ ሰው እዚህ 94 ወይም 95 ቢያሳይ አያስደነግጥም። ከ90 በታች ሲሆን ግን በከፍታ አታሳብቢ። ቁጥሩና ሰውየው ካልተስማሙ ሁልጊዜ ሰውየውን እመኚ።

ሌላው ቋንቋ ነው። የኛ ሰው በሽታውን ሲናገር ስም አውጥቶለት ይመጣል። ጀርባውን ያመመው ሁሉ «ኩላሊቴ» ይላል። ከእምብርት በላይ የሆነ ሕመም ሁሉ «ጨጓራዬ» ነው። ትኩሳትና ራስ ምታት «ምች» ነው። ስሙን ሳይሆን ስሜቱን ጠይቂ። ይወጋል? ያቃጥላል? ይጠዘጥዛል? ይጨመድዳል? በአንድ ጣት ያሳዩሽ እንደሆነ አንድ ነገር ነው፣ በሙሉ መዳፋቸው ደረታቸውን ጨብጠው ካሳዩሽ ሌላ ነገር ነው። «ጨጓራዬ ነው» ብለው ሲያልባቸው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ሲሄድ፣ የልብን ነገር አስቢ፤ «ኦሜፕራዞል ስጡኝ» ስላሉ ብቻ እንዳትሸኚ። ከ0 እስከ 10 ነጥብ ስጡት ማለት ለተማረው ይሠራል። ለእማማ ግን «እንቅልፍ ይነሳዎታል? ከመስገድ ይከለክልዎታል? ከትናንቱ ይብሳል?» ብትያቸው ይሻልሻል። የተናገሩትን ደግሞ ወደ ላቲኑ ሳትቀይሪ በራሳቸው ቃል ጻፊው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ሥራቸውን ጠይቂ። ይህ ሰፈር የሥራ ሰፈር ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አድርጎ ይቀመጣል፤ ብዙዎች በአንዲት ጠባብ ክፍል ይሠራሉ፣ ይኖራሉም። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ጭስ ትጠጣለች። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ደግሞ ወገባቸውንም ማህፀናቸውንም ለሸክሙ ሰጥተዋል፣ ሳትጠይቂያቸው አይነግሩሽም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ የቲቢ ምርመራ አስቢ። ከኛ ከፍ ብሎ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መጀመሪያ የተተከለው ለሳንባ ነቀርሳ ነው፤ መድኃኒት የተለማመደውን ቲቢ ማከም የተጀመረውም በ2001 ዓ.ም. እዚያው ነው። ስለዚህ ሳል የያዘውን ሰው አጠገብ መስኮቱን ክፈቺ። አስታማሚዋ «ብርድ ይመታዋል» ብላ ትዘጋዋለች፤ አንቺ ጋቢ ደርቢለትና ክፈቺው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 እ.ኤ.አ. በጻፈችው የነርስነት መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለንጹሕ አየር ነው የሰጠችው፤ በሽተኛን ስለ ማስተዋልም ራሱን የቻለ ምዕራፍ አላት። ሌላውን አርጅቷል ብትዪ እንኳን እነዚህን ሁለቱን አንብቢያቸው።

ጠበልና ጾም ላይ አፍሽን ቆጥቢ፣ ጆሮሽን ክፈቺ። «ጠበል ገብቼ መድኃኒቴን ትቻለሁ» ያለችሽን ሴት ከተቆጣሽ፣ ለሚቀጥለው ነርስ «እየወሰድኩ ነው» ትላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ያስደበቅናት ግን እኛ ነን። ለእንደዚህ ያለችው ሰው የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይሄዳሉ ብለው በአደባባይ መናገራቸውን ስነግራት ፊቷ ሲፈታ አይቻለሁ። ስኳር ያለበት ጿሚ ሲሆን ደግሞ ኢንሱሊኑን ከመውጋትሽ በፊት «ዛሬ የሚቀምሱት ስንት ሰዓት ነው?» በዪ። ላብ አጥምቆት፣ እጁ ተንቀጥቅጦ፣ ነገር ከተቀላቀለበት ስኳሩን ለኪ፤ ከ70 በታች ከሆነ የሚውጥ ከሆነ ጣፋጭ አጠጪው፣ የማይውጥ ከሆነ አፉ ውስጥ ምንም ሳታደርጊ ሐኪም ጥሪ።

ስለ መዋጥ ካነሳሁ፣ ጉርሻ ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ግማሽ ጎኑ የሰነፈበትን ሰው አስታማሚ በፍቅር ስታጎርሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ይሄድና በሳንባ ምች ይወስደዋል። ከወገቡ በላይ ቀና ብሎ ይቀመጥ። በመጀመሪያ አንድ ማንኪያ ውሃ አቅምሺው፤ ካሳለው፣ ድምፁ ውሃ ውሃ ካለ፣ በከንፈሩ ጥግ ከፈሰሰ አቁሚ። ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት እንደተቀመጠ ይቆይ።

አስታማሚዋን ናቅ እንዳታደርጊ። በኛ አገር ሆስፒታል ግማሹን ነርስነት የምትሠራው እሷ ናት፣ ወለል ላይ ጨርቅ አንጥፋ እያደረች። ጋን በጠጠር ይደገፋል። የሸማኔውን ትንፋሽ ያወቀችው ልጃቸው እንጂ እኔ አልነበርኩም። በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ሳይጎተት እንዴት በአንሶላ እንደሚነሳ፣ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ እንዴት ትራስ እንደሚገባለት፣ አፉ በንጹሕ ጨርቅ እንዴት እንደሚጸዳ አሳዪያት፤ ከዚያ እሷ እየሠራች አንቺ እዪ። የሽንት ከረጢቱን ደረጃ ማንበብም አስተምሪያት፤ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ካነሰ ትጥራሽ። እጇን በሳሙና እንድትታጠብ ስትነግሪያትም በቁጣ አይሁን። እኛ ለእንጀራ በማስታጠቢያ የምንታጠብ ሕዝብ ነን፣ ለቁስልም መታጠብ ያንኑ ክብር ማስፋት ነው። ውሃ ሲጠፋ፣ መጥፋቱም አይቀርም፣ ጀሪካንና ጆግ አለ፤ አልኮልም አለ፣ ሃያ ሰላሳ ሰከንድ ይፈትጉታል። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሳትታጠቢ እንዳትሻገሪ፣ ጓንት ስላደረግሽም አትኩሪ።

መርፌና መድኃኒት ላይ «ተመስገን» መልኩን ለውጦ ይመጣብሻል። «እማማ አስካለ ነዎት?» ብለሽ ከጠየቅሽ፣ ያልሆኑትም «አዎ ልጄ» ይላሉ፤ ነጭ ጋውን የለበሰች ሰው ስትጠይቅ እምቢ ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ጆሯቸውም ደክሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ» በዪና ከካርዱ ቁጥር ጋር አመሳክሪ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፤ ከመውጋትሽ በፊት ምን እንደሆነ ንገሪያቸው፣ አለርጂ ጠይቂ፣ መጋረጃውንም ሳቢ። ያየሽውንም ለጠያቂ አታውሪ። ከሰፈር የመጣው ሁሉ «ምን ተገኘባት?» ይልሻል፣ አብዛኛው በቅንነት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሰዓትም ጣጣ አለው። ቻርቱ የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ሰውየው ያለው በኛ ሰዓት ነው። «በ8 ሰዓት ዋጠው» ተብሎ የተሸኘ አንድ ጎረቤቴ የጠዋቱን ክኒን ከምሳ በኋላ ሲውጥ ከርሟል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ከቁርስ ጋር» በዪው። ሲጨርስ «ገባህ?» አትበዪ፤ «ገብቶኛል» የተመስገን ታናሽ ወንድም ነው። «እስቲ ቤት ስትደርስ ለባለቤትህ እንዴት ብለህ ነው የምትነግራት?» በዪውና ራሱ ይንገርሽ።

ተራ ስትረከቢም ስታስረክቢም ይኸው ነው። «ሁሉም ሰላም ናቸው» የሚባል ርክክብ አትቀበዪ። አልጋ በአልጋ አብራችሁ ዙሩ፣ ግሉኮሱ ስንት እንደቀረ፣ ቁስሉ ምን እንደሚመስል በዓይንሽ እዪ። ሌሊት ሐኪም ስትጠሪ «ሰውየው አላማረኝም» ብለሽ አትጀምሪ፤ «አልጋ 7፣ ትንፋሽ 32፣ ኦክስጅን 86፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ትንፋሹ 24 ነበር» በዪ። ለዚህ ቁጥር የማይነሳ ሐኪም ካለ አሁንም ጥሪው። ቢቆጣሽ ይቆጣ።

ስለ ደሞዝሽ ምንም አልልም፤ ስለሱ ብናወራ ይመሽብናል። ግን ይህ ሙያ ዝቅ ያለ ነው የሚልሽ ካለ የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ንገሪው። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆና፣ በስደት ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተማሪ ነርስ ሆና ገብታ፣ በ1939 እ.ኤ.አ. ፈተናውን አልፋ ነው የተመዘገበች ነርስ የሆነችው። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ስታርፍ ገና 22 ዓመቷ ነበር። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል በስሟ የተሠራ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ልዕልትነቷ አይደለም፤ ያን ሁሉ ዓመት የልጅ ትንፋሽ መቁጠሯ ነው።

ሦስተኛውን ጠጪና ትሄጃለሽ፣ ዳገቱ ሳይጨልም። ያ የመርካቶ ሰዓት እዚያ መሳቢያ ውስጥ ነው። ማሰሪያው አርጅቷል፣ አዲስ አስደርጊለት። ባትሪውን ትናንት አስቀይሬዋለሁ፤ ሰከንድ ቆጣሪው ይሠራል።